የዕቃው ሙሉ ስም ይጻፍልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርት ነኝ፤ የልጆች እናትም ነኝ። ጋዜጣችሁን ስገዛ የማስታወቂያውን ገጽ ሳልዘል አነባለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝም እሱ ነው።

«ጌሚንግ ኮምፒውተር! ኮር አይ7፣ 16 ጂቢ ራም፣ 4 ጂቢ ግራፊክስ!» የሚል ማስታወቂያ ደጋግሞ ይወጣል። በእናንተ ገጽ ብቻ አይደለም። ፒያሳ በሱቆች መስታወት ላይም፣ በቴሌግራምም ያው ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ዕቃው ምን እንደሆነ የሚናገር አንድም ቃል የለም። ቅዳሜ ገበያ ወጥታ «ጤፍ ነው» ስለተባለች ብቻ ገንዘብ የምትቆጥር የጎንደር ሴት የለችም። ማኛ ነው? ሰርገኛ ነው? ከየት የመጣ ነው? ትላለች፤ በእጇ ዘግና ታያለች። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ብር ለሚወጣበት ኮምፒውተር ግን «አይ7 ነው» ሲባል ዝም ብለን እንከፍላለን።

ስለዚህ ጥያቄዬን ከመነሻው ላስቀምጠው። የኮምፒውተር ማስታወቂያ ስትቀበሉ፣ ነጋዴው የፕሮሰሰሩን (ስሌቱን የሚሠራው የኮምፒውተሩ አንጎል) እና የግራፊክስ ካርዱን (ሥዕሉን የሚያወጣው) ሙሉ ስም ከነቁጥሩ እንዲጽፍ ጠይቁልን። ለእሱ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ለገዢው ግን ትልቅ ነገር ነው። 11ኛ ክፍል የሚማረው ልጄ «ያለቀለት ከምንገዛ ዕቃውን ለየብቻ ገዝተን እንገጣጥመው» ሲለኝ አብሬው ብዙ አንብቤአለሁ፣ ብዙ ሰውም ጠይቄአለሁ። ከዚያ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። የምጠቅሳቸው የዕቃ ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አይ7ን እንውሰድ። ኮር አይ7 2600 የሚባለው ፕሮሰሰር በ2011 የወጣ ነው። አራት ኮር (ስሌት የሚሠራ ክፍል) እና ስምንት ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) አለው። መነሻ ፍጥነቱ 3.4 ጊጋኸርዝ ነው። ኮር አይ3 12100 ደግሞ በ2022 ወጣ። እሱም አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው፤ መነሻ ፍጥነቱ 3.3 ጊጋኸርዝ ነው። ወረቀት ላይ ሲታዩ እኩል ናቸው። እንዲያውም 7 ከ3 ስለሚበልጥ አሮጌው የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን ጊጋኸርዝ የሚነግረን ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ብቻ ነው። በአንዱ ምት ምን ያህል ሥራ እንደሚያከናውን አይነግረንም። በእነዚያ አስራ አንድ ዓመታት በጣም የተለወጠው ይኸኛው ነው። ጌም ላይ አዲሱ አይ3 አሮጌውን አይ7 ጥሎት ይሄዳል። መብራትም አይበላም፤ የአሮጌው መደበኛ ፍጆታ 95 ዋት ሲሆን የአዲሱ 60 ዋት ነው።

የዊንዶውስም ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አይ3ንና አይ7ን ከሚሠራው ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው፤ አይ7 2600 የ2ኛው ትውልድ ነው። ቫሎራንት የሚባለውን ጌም የሚጫወት ልጅ ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት መሣሪያ ከሌለው ጌሙ አይከፍትለትም። «አይ7» የሚለው ቃል ከዚህ ውስጥ አንዱንም አይነግረንም። 2600 የሚለው ቁጥር ግን ሁሉንም ይነግረናል።

«4 ጂቢ ግራፊክስ» የሚለው ከዚህም የባሰ ነው። ጂቲ 730 የሚባል በ2014 የወጣ ካርድ አለ፤ 4 ጂቢ የተገጠመለት በየሱቁ ይገኛል። ጂቲኤክስ 1650ም በ2019 ሲወጣ 4 ጂቢ ነበረው። በማስታወቂያው ቋንቋ ሁለቱም «4 ጂቢ ግራፊክስ» ናቸው። ጂቢው ግን የማስቀመጫውን ስፋት እንጂ የካርዱን ጉልበት አይለካም። ጂቲኤክስ 1650 ከማህደሩ በሰከንድ 128 ጊጋባይት ያህል ያመላልሳል። ዲዲአር3 የሚባለው የቆየ የማህደር ዓይነት የተገጠመለት ጂቲ 730 ሠላሳም አይሞላም። ስሌት የሚሠሩት ኮሮችም በአንዱ 896፣ በሌላው 384 ናቸው፤ እነዚያም የአሮጌ ትውልድ። አንዱ ጂቲኤ 5ን ያለችግር ያጫውታል። ሌላው ሥዕሉን እያንጠባጠበ ልጁን ያናድደዋል።

ገንዘቡ ወዴት ይሂድ ለሚለው፣ እኛ ቤት የተስማማንበት ይኼ ነው። ከሞኒተሩ ውጪ ካለው ወጪ ከመቶ አርባ ያህሉ ለግራፊክስ ካርዱ ይሁን። ጌም ላይ ዓይን የሚያየው ልዩነት በብዛት የሚመጣው ከእሱ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ። ለመብራትና ለመስታወት ኬዝ (የኮምፒውተሩ ሣጥን) የምንሰጠው ግን የለም። ልጄ መጀመሪያ የወደደው ባለ ቀስተ ደመና መብራት ኬዝ ነበር፤ ዋጋውን አይቶ ራሱ ተወው። እዚህ ላይ ጎረቤቶቼ ቡና ላይ «ለጌም ይህን ሁሉ?» ይሉኛል። ልጁ ክረምቱን ፎቶ ኮፒ ቤት ሠርቶ ያጠራቀመው ገንዘብ ነው። እኔ የጨመርኩለት ከእቁቤ ነው። የሚጫወትበት ኮምፒውተር የሚማርበትም ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ኮምፒውተር ደግሞ እስከ ብሎኑ ድረስ ከውጭ የሚገባ ነው። ስለዚህ በዶላር ትንሽ የምትመስል ስህተት በብር የወር ደመወዝ ትሆናለች። ልጄና እኔ የወሰንነው ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600፣ ካርዱ አርኤክስ 6600 እንዲሆን ነው። የመጀመሪያው ስድስት ኮር ያለውና በ2022 የወጣ ነው። ሁለተኛው በ2021 የወጣና 8 ጂቢ ማህደር ያለው ነው። ሁለቱም የዛሬ አዲስ አይደሉም፤ ጥቅማቸውም እዚህ ላይ ነው። አርኤክስ 6600 የተሠራው ለ1080 ፒክስል ሞኒተር ነው፤ እኛ ቤት ያለውም ሞኒተር እሱ ነው። ሞኒተሩ በሰከንድ 60 ሥዕል ብቻ የሚያሳይ ከሆነ 200 ለሚያመርት ካርድ ገንዘብ ማፍሰስ ምን ይጠቅማል? ልጄ የቪዲዮና የአኒሜሽን ሥራ የሚያዘወትር ቢሆን ኖሮ 12 ጂቢ ያለውን አርቲኤክስ 3060 እንመርጥ ነበር። ለጨዋታ ብቻ ግን ልዩነቱ ለኪሳችን አልታየንም።

ራይዘን 5 5600 የሚቀመጥበት ሶኬት ኤኤም4 ይባላል። ራይዘንን የሚሠራው ኤኤምዲ ከ2017ቱ የመጀመሪያ ራይዘን ጀምሮ ለዓመታት ይህንኑ ሶኬት አልቀየረም። ስለዚህ ያገለገለ ማዘርቦርድ፣ ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ ማለቴ ነው፣ በቀላሉ ይገኝለታል። ነገ የተሻለ ፕሮሰሰር ቢገኝ ማዘርቦርዱን መጣል አያስፈልግም። አሮጌ ቢ450 ማዘርቦርድ የሚገዛ ግን ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው በማዘርቦርዱ ውስጥ ያለ ፕሮግራም) ለ5000ዎቹ ፕሮሰሰሮች መታደሱን ሻጩን አስቀድሞ ይጠይቅ። ካልታደሰ ኮምፒውተሩ አይነሳም፤ ገዢውም ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል።

ገንዘቡ ለካርድ የማይበቃው ልጅ ራይዘን 5 5600ጂን ይመልከት። «ጂ» የሚለው ፊደል ግራፊክስ ውስጡ አለ ማለት ነው። ከባድ ጌም አያጫውትም፤ ቀለል ያሉትን፣ ኳሱንም ጭምር ሥዕሉን ዝቅ አድርጎ ያጫውታል። ካርዱ ነገ ይገዛል። ለዚህ ፕሮሰሰር ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደር) ሲገዛ ግን አንድ ባለ 16 ጂቢ ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ጂቢ ይሁን። የራሱ ማህደር ስለሌለው ከራሙ ነው የሚቀዳው፤ ሁለት ሲሆኑ በሁለት መንገድ ይቀዳል። በኢንቴል በኩል ደግሞ «ኤፍ» የሚል ፊደል መጨረሻው ላይ ካለ ፕሮሰሰሩ ግራፊክስ የለውም ማለት ነው። ዋጋው ቀነስ ይላል። አዲስ አበባ ላለ ሰው ጥሩ ነው። እዚህ ጎንደር ግን ካርዱ ቢበላሽና ምትኩ ወር ቢፈጅ ኮምፒውተሩ ሥዕል ሳያሳይ ይቀመጣል። ልጁ ትምህርቱንም የሚሠራበት ከሆነ ኤፍ የሌለውን እመክራለሁ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልምጣ፤ ፓወር ሰፕላይ፣ መብራቱን ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚያከፋፍለው ሣጥን። ማስታወቂያ ላይ ከነጭራሹ አይጠቀስም። ሱቅም ውስጥ «750 ዋት ነው» ተብሎ ይታለፋል። በጎኑ የተለጠፈውን ወረቀት ግን ማንበብ ይቻላል። 12 ቮልት የሚለውን መስመር ፈልጉና ስሩ ያለውን አምፒር ተመልከቱ። ቮልትን በአምፒር ማባዛት ዋት ይሰጣል፤ ተማሪዎቼ ሁሉ የሚያውቁት ቀመር ነው። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም በብዛት የሚመገቡት ከዚህ መስመር ነው። ሽፋኑ ላይ በትልቁ 750 ተጽፎ፣ 12 ቮልቱ ላይ 25 አምፒር ካለ፣ ዕቃው ለጌም የሚሰጠው 300 ዋት ነው። የቀረው የቀለም ሥራ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ከኬዝ ጋር አብሮ የተሸጠለት እንዲህ ያለ ፓወር ሰፕላይ ነበር። ኢንተርኔት ሲያይ፣ ሲጽፍ ምንም አይልም። ጌም ሲከፍት ግን ድርግም ብሎ ይጠፋል። የወሰዱበት ጥገና ቤት «ካርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዙ» አላቸው። እናቱ ወርቋን ልትሸጥ ነበር። እኔና ልጄ ሄደን ወረቀቱን አነበብነው። የካርዱ ፍላጎት ብቻውን ፓወር ሰፕላዩ ከሚችለው ብዙውን ይወስዳል። ሌላ ፓወር ሰፕላይ ሲገጠምለት ያ «የተቃጠለ» ካርድ እስከ ዛሬ ይሠራል። ያቺን እናት ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል። ያስፈለጋት አንድ ቁጥር የሚያነብላት ሰው ብቻ ነበር።

በተቃራኒው ደግሞ ያለ አግባብ ትልቅ መግዛትም ብክነት ነው። አርኤክስ 6600 132 ዋት፣ ራይዘን 5 5600 65 ዋት ነው። የቀረውን ሁሉ ደምረን ከ300 ዋት አይዘልም። ስለዚህ እውነተኛ የሆነ፣ 80 ፕላስ የሚል መብራት እንደማያባክን የሚገልጽ ማረጋገጫ ያለው 550 ዋት ይበቃል፤ ይተርፋልም። 850 ግዙ የሚል ሻጭ ካለ፣ ትርፉን ገንዘብ መብራት ሲሄድ በባትሪ ለሚያቆየው ለዩፒኤስ አድርጉት።

ዩፒኤስ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የጎንደር መብራት ሲሄድ ብቻ ሳይሆን ሲመለስም ነው ዕቃ የሚጎዳው። ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱንና ፍሪጁን እንደሰካ መብራቱ ሲመጣ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ይላል። የእኛ ደንብ፣ መብራት ሲሄድ ከዲቫይደሩ መንቀል፣ ሲመጣ ጥቂት ቆይቶ መሰካት ነው። ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ በእኛ ከተማ የኮምፒውተሩ ዋጋ አካል ናቸው፤ በጀት ሲያዝ ከመጀመሪያው ይታሰቡ። ዩፒኤስ ላይም ቁጥሩ ያሳስታል። 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። ለእኛው ኮምፒውተር ይበቃል፤ ጌሙን አስቀምጦ በሰላም ለመዝጋት የሚያስፈልጉት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ለጌም ሦስተኛው የሶኬት እግር፣ የመሬቱ ማለቴ ነው፣ ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ ኬዙን ሲነካ የሚነዝረው ልጅ ይንገረው። በአሮጌ ቤቶቻችን የመሬት ሽቦ የሌለበት ሶኬት ብዙ ነው። ኮምፒውተር ከመግዛት በፊት ኤሌክትሪሻን መጥራት ይገባል።

ስለ ሙቀትም ጥቂት ልበል። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። አየራችን በባህር ጠለል ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ሳሳ ያለ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ደግነቱ የጎንደር ሙቀት ራሱ አይበረታም። ውኃ የሚዞርበት ማቀዝቀዣ መግዛት አያስፈልግም። ፊቱ በመስታወት የተደፈነ ኬዝ ግን አይሁን፤ ወንፊት የመሰለ ፊት ያለው ይሁን። በበጋ አቧራው ስለሚገባ ደግሞ ከፍቶ ማጽዳት ነው።

ያገለገለ ካርድ መግዛትን አልቃወምም። እኛም የገዛነው ያገለገለ ነው፤ የልጁ አክስት ከዱባይ ስትመጣ በሻንጣዋ አመጣችው። ኤተሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በሴፕቴምበር 2022 በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ወደ ገበያ ፈሰሱ። ብዙዎቹ ዛሬም ይሠራሉ። ሆኖም መፈተን ያስፈልጋል። ሻጩ ፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከባድ ጌም ይከፈት፤ ሙቀቱ ይታይ፤ የፋኑ ድምፅ ይሰማ። ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ይጫንና የካርዱ ማንነት ይታይ። አርኤክስ 580 ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ 2048 ኤስፒ የሚባለው ዓይነት አለ። ዋናው 580 2,304 ኮር ሲኖረው ይኼኛው ስሙ እንደሚለው 2,048 ብቻ ነው፤ በአቅሙ 570 ነው። በ570 ዋጋ ቢሸጥ ምንም አይደለም። በ580 ዋጋ ሲሸጥ ግን ልጅን ማታለል ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ውስጡ ያለው ፕሮግራም ተቀይሮ አሮጌው ካርድ የአዲስ ስም የሚያወጣው ነው። እሱም ያው ፕሮግራም ላይ ይጋለጣል።

የመሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቶ ካርድ መጨመርም በገንዘብ ያዋጣል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ሁለት ነገር ነው። ብዙዎቹ የራሳቸው ቅርጽ ያለው ትንሽ ፓወር ሰፕላይ ነው ያላቸው፤ በሌላ አይተካም። ስለዚህ ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሠራ፣ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ካርድ ይሻላቸዋል፤ አንዳንዱ ጂቲኤክስ 1650 እንዲህ ነው። ኬዙ ቀጭን ከሆነ ካርዱም አጭር ቁመት ያለው መሆን አለበት። አርኤክስ 6400 ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት መስመር አራት ብቻ ስለሆነ አሮጌ ማሽን ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ራምና ኤስኤስዲ (ፋይሎች የሚቀመጡበት ማከማቻ) ላይ ብዙ አልቆይም። 16 ጂቢ ራም ይበቃል። ከ2025 መጨረሻ ወዲህ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ስለናረ ያገለገለ ዲዲአር4 ራም መፈለግ ያዋጣል። ራሙ 3200 ተብሎ ተገዝቶ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው የራም ፍጥነት ማስተካከያ ካልተከፈተ በዝግታ ሊሠራ እንደሚችልም ይታወቅ። ኤስኤስዲ ደግሞ ዋጋው ከሁሉም ሱቅ በጣም ከወረደ ስፋቱ የውሸት ሊሆን ስለሚችል ሞልቶ መሞከር ነው። አንድ ነገር ግን ላንሳ፤ የሞኒተሩ ገመድ የሚሰካው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ሰክተው ካርዳቸው ሥራ ፈትቶ የሚጫወቱ ልጆች አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ ጎንደር ሆነን ስናስብ ርቀቱ ይጨመርበት። አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። «የአንድ ወር ዋስትና አለው» የሚል ሻጭ ዕቃውን ተሸክመን እንደማንመለስ ያውቃል። እኛ ያለን ዋስትና ደረሰኙ ነው። ደረሰኙ ላይ «ኮምፒውተር፣ 1» ከተባለ ግን ምን ብለን እንከሳለን? የፕሮሰሰሩ ስም፣ የካርዱ ስም፣ አዲስ ይሁን ያገለገለ፣ የፓወር ሰፕላዩ የ12 ቮልት አምፒር በደረሰኙ ላይ ከሰፈሩ ክርክሩ ከወረቀት ጋር ይሆናል። አራት መስመር ነው። እዚሁ ፒያሳ ሳንጠይቀው እንዲህ አድርጎ የጻፈልን አንድ ወጣት ነጋዴ አለ። ማዘርቦርዱንና ራሙን ከእሱ ገዛን፤ የምናውቃቸውንም ልጆች ወደ እሱ እንልካለን። ስለዚህ አይቻልም የሚሉኝን አልቀበልም።

እናንተም ማስታወቂያ ስትቀበሉ እነዚህኑ አራት መስመሮች ቅጹ ላይ ጨምሩበት። ሊሞላ የማይፈልግ ነጋዴ ካለ ማስታወቂያውን አትከልክሉት፤ ከስሩ «የዕቃው ሙሉ ስም አልተገለጸም» ብላችሁ አውጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚክስ መምህርት
ማራኪ፣ ጎንደር